ስምንተኛው ስኳድሮንና የተፈራረቁበት አይሮፕላኖች

ከቀይ ባሕር ወዲያ ማዶ፣ በዓደን ከተማ አጠገብ፣ ኮርማክሳር የሚባል የአይሮፕላን ሜዳ አለ። ከ1927 ጀምሮ እስከ 1967 ድረስ፣ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያነሰ ጊዜ ካልሆነ በቀር፣ የእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኀይል ስምንተኛ ስኳድሮን ቤቱ እዚያው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን እንዲያስታውስልን እንለምናለን።)

ስለዚህ ስኳድሮን ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት አለ። ስኳድሮኑ በሴፕቴምበር 2021 የመጨረሻዎቹን አይሮፕላኖቹን ካሰናበተ በኋላ ምትክ ይሆናሉ የተባሉት በቀጠሮአቸው አልደረሱም። በዚህም ምክንያት እንግሊዝ ከሩቅ የሚመጣውን ጠላት ከሰማይ ሆና የምታይበት የራሷ ዐይን ሳይኖራት ዓመታት አለፉ። ነገሩ በለንደን ምክር ቤት ብዙ አነጋግሯል። እኛ ስንመረምረው ግን አዲስ ሆኖ አላገኘነውም፤ እንግሊዞች ከዚህ በፊትም አሮጌውን ዐይን ጨፍነው አዲሱን ሳይከፍቱ የቈዩበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜም ዋጋው የተከፈለው በሰው ሕይወት ነው።

አስቀድመን ስኳድሮን ማለት ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንናገር። ስኳድሮን አብዛኛውን ጊዜ ከዐሥር እስከ ሃያ አይሮፕላን፣ ከነአብራሪዎቹና ከነመካኒኮቹ፣ ባንድ አዛዥ ሥር የያዘ የአየር ኀይል ክፍል ነው። አብራሪው ይሾማል፣ ይሻራል፣ ይሞታል፤ አይሮፕላኑም ያረጃል። ቍጥሩ፣ ዐርማውና ሰንደቅ ዓላማው ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። የስምንተኛው ስኳድሮን ዐርማ ከሰገባው ያልወጣ የዐረብ ጀምቢያ ነው። ዐርማው የተወሰደው ከዓደን ኑሮው ሲሆን፣ ዓደንን ከለቀቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሆነውም እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ስኳድሮኑ የተቋቋመው በጃንዋሪ 1 ቀን 1915 በለንደን አቅራቢያ በብሩክላንድስ ነው። የመጀመሪያ አይሮፕላኑ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ ባለ ሁለት ክንፍ ሲሆን፣ ፈረንሳይ አገር ከዘመተ በኋላ ሥራው የጠላትን ምሽግ መሰለልና ለመድፈኞች ዒላማ ማሳየት ነበር። በ1918 ከታንከኞች ጋራ ተባብሮ መዋጋትን ከጀመሩት አንዱ እርሱ ነው። በዚያው ዓመት በኦገስት 10 ቀን ካፒቴን ፈርዲናንድ ዌስት የተባለው የስኳድሮኑ አብራሪ እግሩ በጥይት ተቈርጦ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው አይሮፕላኑን በሰላም አሳረፈ፤ ያየውንም የጠላት ሁኔታ ሳይናገር ወደ ሐኪም አልሄድም አለ። የቪክቶሪያ መስቀል ኒሻን ተሸልሟል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ስኳድሮኑ በ1920 መጀመሪያ ተበትኖ በዚያው ዓመት በግብፅ እንደገና ተቋቋመ፤ ወደ ኢራቅ ተሻግሮ ጥቂት ዓመት ከቈየ በኋላ በ1927 ዓደን ገባ።

የዓደኑ ታሪክ ሰፋ አድርጎ መናገርን ይጠይቃል። በ1928 የእንግሊዝ መንግሥት የዓደንን ጥበቃ ከምድር ጦር አንሥቶ ለአየር ኀይል ሰጠ። ምክንያቱ ወጪ ነው። በዚያ ጠፍ ተራራ ውስጥ ብዙ ሺህ እግረኛ ከማሠማራት ይልቅ ጥቂት አይሮፕላን መላክ እጅግ ይረክሳል። አሠራሩም እንዲህ ነበር፤ አንድ ነገድ መንገደኛ ቢዘርፍ ወይም ትእዛዝ እንቢ ቢል፣ መጀመሪያ ካሣውን እንዲከፍል ቀን ይቈረጥለታል። ካልከፈለም ከአይሮፕላን ላይ ወረቀት ተበትኖ መንደሩን እንዲለቅ ይነገረዋል። ከዚያ በኋላ አይሮፕላኖቹ በየቀኑ እየተመላለሱ ቦምብ ይጥላሉ፤ ሰውየው ወደ ቤቱ እንዳይመለስ፣ እርሻውንም እንዳያርስ ያደርጉታል። በ1934 በራድፋን ተራሮች በሚኖሩት በቁጠይቢዎች ላይ የተደረገው ይኸው ነው። ሁለት ወር ያህል ፈጀ። በዓደን የአየር ኀይሉ አዛዥ የነበረው ቻርልስ ፖርታል ኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመላው የእንግሊዝ አየር ኀይል ዋና ኤታማዦር ሆኗል።

እንግሊዞች ይህን አሠራር ደም ብዙ የማያፈስ ነው እያሉ ያመሰግኑት ነበር። የሞተው ሰው ጥቂት መሆኑ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የዘር ወቅት ያለፈበት ገበሬ ምን እንደሚደርስበት ያገራችን አንባቢ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋልና፣ በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልገንም።

በዚህ ጊዜ የስኳድሮኑ አይሮፕላን ፌሪ ሦስት ኤፍ የሚባለው ነበር። በ1935 ቪንሰንት በሚባለው ተተካ፤ ሁለቱም ባለ ሁለት ክንፍ ናቸው። 1935 ማለት እንግዲህ ኢጣሊያ አገራችንን የወረረችበት ዓመት ነው። ከዓደን እስከ አሰብ በአይሮፕላን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኢጣሊያ መርከቦች ጦርና መሣሪያ፣ የመርዝ ጋዝም ጭምር ጭነው በቀይ ባሕር ሲመላለሱ ስኳድሮኑ በዚያው በኮርማክሳር ተቀምጦ ነበር። የለንደን ፖለቲካ ስላልፈቀደ አንድም ቦምብ አልጣለም። ሙሶሊኒ በጁን 1940 በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀ ጊዜ ግን ነገሩ በአንድ ሌሊት ተለወጠ። ስኳድሮኑ ከአንድ ዓመት በፊት ብሌንሂም የሚባለውን ባለ ሁለት ሞተር ቦምብ ጣይ ተቀብሎ ነበር፤ አሮጌዎቹንም ቪንሰንቶች ገና አልጣላቸውም ነበር። ከዓደን የተነሡት የእንግሊዝ ስኳድሮኖች አሰብንና ድሬዳዋን እየተመላለሱ ደበደቡ። በኦገስት 1940 እንግሊዞች በርበራን ለቀው ሲወጡ፣ በማርች 1941 ደግሞ ከባሕር ወርደው መልሰው ሲይዟት፣ ከላይ የረዷቸው ከዓደን የሚነሡት አይሮፕላኖች ናቸው። አምስት ዓመት የዘገየ ርዳታ ነው ማለት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ርዳታ መሆኑን አንክድም።

ከዚህ በኋላ ያለው የጦርነት ዘመን ባሕር ሲጠብቁና የጀርመንና የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ሲፈልጉ ያለፈ ነው። በሜይ 1945 ስኳድሮኑ ተበተነ፤ ቍጥሩም ወዲያው በሕንድ አገር ሊቤሬተር የሚባለውን ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን ለያዘ ሌላ ስኳድሮን ተሰጠ። ያም በኖቬምበር ተበተነ። በሴፕቴምበር 1946 ስምንተኛው ስኳድሮን ለሦስተኛ ጊዜ ተቋቁሞ ወደ ዓደን ተመለሰ።

አይሮፕላን በላይ በላዩ የተፈራረቀበት ዘመን ይህ ነው። ከ1946 እስከ 1960 በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሞስኪቶ፣ ቴምፐስት፣ ብሪጋንድ፣ ቫምፓየር፣ ቬኖምና ሀንተር ተከታትለው ገቡ። ከእንጨት ከተሠራው ከሞስኪቶ ተነሥቶ በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እስከሚበረው እስከ ሀንተር ድረስ ማለት ነው። ስለ አብራሪዎች ብዙ ይጻፋል። እኛን የሚያስደንቀን ግን መካኒኩ ነው። በዓደን ሙቀት ውስጥ፣ በየሁለት ዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ አዲስ ሞተርና አዲስ መጽሐፍ እየመጣለት፣ የትናንቱን ትምህርት ጥሎ የዛሬውን ሲያነሣ የኖረው እርሱ ነው። ስሞቹንም ማየት አንድ ጨዋታ ነው። ቴምፐስት ዐውሎ ነፋስ፣ ቬኖም የእባብ መርዝ፣ ሀንተር አዳኝ ማለት ነው። ብሪጋንድ ደግሞ ሽፍታ ማለት ነው፤ እንግዲህ እንግሊዞች ሽፍታ የሚሏቸውን የተራራ ሰዎች እንዲያስስ የላኩት ሽፍታ ብለው የሰየሙትን አይሮፕላን ነበር።

በ1956 የስዌዝ ጠብ በተነሣ ጊዜ የስኳድሮኑ ቬኖሞች ወደ ቆጵሮስ ተወስደው በግብፅ ላይ ዘመቱ። ቀጥሎም በዑማን ተራሮች፣ በ1961 በኩዌት ታዩ። በማርች 1964 ከኮርማክሳር የተነሡ 8 ሀንተሮች የየመንን ድንበር ተሻግረው የሐሪብን ምሽግ ደበደቡ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም በኤፕሪል 9 ቀን በውሳኔ ቍጥር 188 ድርጊቱን ነቀፈ። በዚያው ዓመት ስኳድሮኑ ከ43ኛው ስኳድሮን ጋራ ሆኖ በራድፋን በዘመተው የምድር ጦር ላይ ጥላ ሆኖ ዋለ። አንባቢያችን ያስታውሳል፤ ራድፋን ከሠላሳ ዓመት በፊት ቁጠይቢዎች የተደበደቡበት ተራራ ነው። አይሮፕላኑ ስምንት ጊዜ ያህል ተለዋውጦ፣ ፍጥነቱ አምስት እጥፍ አድጎ፣ የሄደበት ተራራ ያው ነበር፤ ተራራውም ጨርሶ አልተገዛም። እንግሊዞች በኖቬምበር 1967 ዓደንን ለቀው ሲወጡ ስኳድሮኑ ቀደም ብሎ ወደ ባሕረይን ተዛውሮ ነበር። በዲሴምበር 1971 ከፋርስ ባሕረ ሰላጤም ሲወጡ አብሮ ተበተነ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ የአንድ ቅኝ ግዛት የአየር ዘበኛ ታሪክ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በጃንዋሪ 1972፣ ቍጥሩ በስኮትላንድ አገር ፈጽሞ ለማይመስለው ሥራ ተሰጠ። ከጄቱ ከሀንተር በኋላ የመጣለት አይሮፕላን ሻክልተን የሚባል፣ አራት ሞተር ያለው፣ ባለ ፕሮፔለር፣ ፍጥነቱም የሀንተርን ግማሽ እንኳ የማያክል ነበር። ሻክልተን የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ ከላንካስተር ነው። በሆዱ በኩል አንድ ትልቅ ራዳር ተሰቅሎለታል። ራዳሩም ቢሆን በጦርነቱ ጊዜ በአሜሪካ የተፈለሰፈ፣ ከባሕር ኀይል አይሮፕላኖች ላይ ተነቅሎ የመጣ አሮጌ ዕቃ ነው። በውስጡ የሚቀመጡት ሰዎች የሞተሩ ጩኸት ጆሯቸውን እያደነቈራቸው ለብዙ ሰዓት በሰሜን ባሕር ላይ ይዞሩ ነበር። ወታደሮቹ አይሮፕላኑን እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው የሚበሩ ብዙ ሺህ ምስማሮች እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ እያንዳንዱንም በልጆች ቴሌቪዥን በሚታዩ አሻንጉሊቶች ስም ሰየሙት።

ይህ አሮጌ ዕቃ ለምን አስፈለገ? ነገሩ የምድር ክብነት ነው። በመርከብ ላይ የተተከለ ራዳር ምንም ያህል ኀይለኛ ቢሆን ከውኃው ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ የሚበርን አይሮፕላን ከ40 ኪሎ ሜትር አልፎ ሊያየው አይችልም፤ ምድር ራሷ ትጋርደዋለች። ራዳሩን ግን 9,000 ሜትር ከፍ አድርጎ የያዘው አይሮፕላን ወደ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል። እረኛ ከብቶቹን ለመጠበቅ ጕብታ ላይ እንደሚወጣ ማለት ነው።

የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ከመርከብ ላይ የሚነሡ፣ ይህን ሥራ የሚሠሩ ጋኔት የሚባሉ አይሮፕላኖች ነበሩት። የመጨረሻው ትልቅ የአይሮፕላን መርከብ በ1978 ሲሰናበት እነርሱም አብረው ተሰናበቱ፤ ምትክ አልተደረገላቸውም። ከስኮትላንድ የሚነሡት የስምንተኛው ስኳድሮን ሻክልተኖች መርከቦቹን ይጠብቃሉ ተባለ። በ1982 ግን ጦርነቱ የተነሣው ከስኮትላንድ አጠገብ አልነበረም፤ በደቡብ አትላንቲክ፣ በፎክላንድ ደሴቶች ነው። ሻክልተን እዚያ ሊደርስ አይችልም። በሜይ 4 ቀን ሁለት የአርጀንቲና ጄቶች ባሕሩን ታክከው መጥተው የተኰሱት ሚሳይል ሼፊልድ የተባለችውን የጦር መርከብ መታ፤ 20 መርከበኞች ሞቱ። እጅግ የሚያስገርመው ነገር፣ የእንግሊዞችን መርከቦች ለጄቶቹ ፈልጎ ያገኘላቸው የአርጀንቲና ኔፕቲዩን አይሮፕላን የተሸከመው ራዳር በሻክልተን ላይ የተሰቀለው ዐይነት ነበር። አሮጌው ዐይን በአንደኛው ወገን ሰማይ ላይ ነበረ፤ በሌላው ወገን ሰማይ ላይ አልነበረም። እንግሊዞች በሄሊኮፕተር ላይ ራዳር ሰቅለው በችኮላ አዘጋጁ፤ የደረሰው ግን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚህ ትምህርት በኋላ ነገሩ ይፋጠናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። አዲሱ አይሮፕላን፣ ኒምሮድ፣ በ1977 ተጀምሮ ነበር። በውስጡ የገባው የእንግሊዝ ራዳር ግን በየብስ ላይ በአውራ ጎዳና የሚሄደውን መኪና ከሚበር አይሮፕላን ለመለየት ይቸግረው ነበር፤ የኮምፒዩተሩም ዐቅም አልበቃ አለ። ወደ 1 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ከፈሰሰበት በኋላ በዲሴምበር 1986 ተሰረዘ። ለጥቂት ጊዜ ያገለግላሉ ተብለው የገቡት ሻክልተኖች እንዲህ ሲሆን 19 ዓመት ሠሩ። በኤፕሪል 30 ቀን 1990 አንደኛው በስኮትላንድ ደሴት በሐሪስ በጭጋግና በደመና ውስጥ ከኰረብታ ጋራ ተጋጭቶ በውስጡ የነበሩት 10 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። አገልግሎታቸው ሊያበቃ የቀረው ከዓመት እምብዛም የማይበልጥ ጊዜ ነበር። አደጋውን ያደረሰው የአይሮፕላኑ እርጅና ነው ለማለት አንደፍርም፤ ሆኖም ኒምሮድ በቀጠሮው ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሻክልተን በዚያ ቀን በዚያ ሰማይ ላይ ባልነበረ ነበር።

በጁላይ 1991 ስኳድሮኑ ሴንትሪ የተባለውን፣ በቦይንግ 707 ላይ የተሠራውን የአሜሪካ አይሮፕላን ተቀበለ። ሴንትሪ ዘብ ማለት ነው፤ ከመርዝና ከአዳኝ በኋላ የመጣ ስም መሆኑ ነው። በጀርባው ላይ 9 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ድስት የመሰለ ራዳር ይሽከረከራል። እንግሊዝ ሰባት ገዛች። በቦስኒያ፣ በ1999 በኮሶቮ፣ ከዚያም በአፍጋኒስታን፣ በኢራቅ፣ በ2011 በሊቢያ ላይ የሌሎቹን አይሮፕላኖች ጉዞ ከላይ ሆኖ ሲመራ ከሠላሳ ዓመት አላነሰ። ነገር ግን አሜሪካኖች የራሳቸውን እያደሱ ሲሄዱ የእንግሊዞቹ ማሻሻያ በጊዜው አልተደረገላቸውም። እየደከሙ፣ ቍጥራቸውም እያነሰ ሄዶ በ2021 ተሰናበቱ።

ምትኩ ዌጅቴይል የሚባለው፣ በቦይንግ 737 ላይ የሚሠራው አይሮፕላን ነው። አውስትራሊያ አስቀድማ ስትሠራበት ቈይታለች። እንግሊዝ በማርች 2019 አምስት አዘዘች፤ ሥራ የሚጀምሩትም በ2023 ነው ተባለ። ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ ገንዘብ ለመቈጠብ ወደ ሦስት ተቀነሱ። ከሦስቱም ሁለቱ ቀደም ሲል መንገደኛ ሲያመላልሱ የኖሩ ናቸው። የምክር ቤቱ የመከላከያ ኮሚቴ በ2023 ነገሩን መርምሮ ያወጣው ሒሳብ አስገራሚ ነው፤ ከአምስት ወደ ሦስት ሲወረድ የአይሮፕላኑ ቍጥር ወደ 60 በመቶ ሲወርድ ወጪው ግን 90 በመቶው ያህል እንዳለ ቀርቷል። ራዳሮቹም በውሉ መሠረት አምስቱም ተገዝተዋል። በሬ ሸጦ ቀንበሩን እንዳስቀረ ሰው ማለት ነው።

ሴንትሪ በተሰናበተ በአምስተኛው ወር ገደማ፣ በፌብሩዋሪ 2022፣ ሩሲያ በዩክሬይን ላይ ዘመተች። አውሮፓ የአየር ላይ ዘብ ከምንጊዜውም ይበልጥ ያስፈለጋት ያን ጊዜ ነው። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች የራሳቸው አሮጌ ሴንትሪዎች በጀርመን አገር አሏቸው፤ እነርሱ ሥራውን ተሸከሙ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ከምድር ሌላ ጫፍ አውስትራሊያ አንድ ዌጅቴይል ወደ ጀርመን ላከች። በ2025ም ወደ ፖላንድ ላከች። የስምንተኛው ስኳድሮን ሰዎችም ዕውቀታቸው እንዳይጠፋ አንዳንዶቹ ወደ አውስትራሊያ ሄደው በዚያው አይሮፕላን ላይ እየተማሩ ቈይተዋል። በእኛ አስተያየት መንግሥቱ በዚህ ነገር ካደረገው ሁሉ ብልኅነት የታየበት ይህ ነው። አይሮፕላን በገንዘብ ይገዛል፤ ራዳሩ ላይ የሚታየውን ነጥብ አይቶ ይህ ወፍ ነው፣ ይህ መርከብ ነው፣ ይህ ጠላት ነው የሚል ሰው ግን በአንድ ዓመት አይፈጠርም። በዓደን ለዐርባ ዓመት ስኳድሮኑን ስኳድሮን ያሰኘው አይሮፕላኑ ያልሆነውን ያህል፣ ዛሬም አይሮፕላን ሳይኖር ስኳድሮን አለ የሚያሰኙት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

እንዲያም ሆኖ የአይሮፕላኑ ዕጣ ገና አነጋጋሪ ነው። የመጀመሪያው የእንግሊዝ ዌጅቴይል በሴፕቴምበር 2024 ከበርሚንግሃም ተነሥቶ ለሙከራ በረረ፤ አገልግሎት ይጀምራል የተባለበት ዓመትም እየተገፋ 2026 ደረሰ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በጁን 2025 የራሱን የዌጅቴይል ግዢ ለመሰረዝ ሐሳብ አቀረበ፤ ወደፊት ሰማይን የሚጠብቁት ሳተላይቶች ናቸው የሚል ምክንያትም ሰጠ፤ ምክር ቤቱ ግን ተቃወመ። የቃል ኪዳኑ አገሮች ስድስት ለመግዛት የነበራቸውን አሳብ በኖቬምበር 2025 ትተዋል። የእንግሊዝ መንግሥት ግን በያዘው ቀጥሏል። ሦስቱ አይሮፕላኖች የሚያርፉት ሻክልተኖቹ ሲያገሡበት በኖሩት በሎሲማውዝ ሜዳ፣ ክንፍ ሥር ያልተመዘዘው ጀምቢያ ዐርማ በሚጠብቃቸው ስኳድሮን ውስጥ ነው። ያለ አይሮፕላን ለቀሩት ለሁለቱ ራዳሮች ደግሞ በጁን 2025 የወጣው የመከላከያ ጥናት ገንዘብ ሲገኝ ተጨማሪ ዌጅቴይል እንዲገዛ መክሯል።